የአያቴን ንቅሳት «ጭረት ነው» ብሎ የጠረገው ፎቶ ቤት

ውጤቱን መጀመሪያ ልንገራችሁ፣ ከዚያ የፈለገ ያንብብ። ስካን ሥራቸው ከአምስት አምስት። ለሰው ያላቸው አያያዝ አራት። «እድሳት» ለሚሉት ነገር አንድም ይበዛበታል። ቀለም ቅቡን ደግሞ በነጻ እንሥራላችሁ ቢሏችሁም እምቢ በሉ።

ቤቱ አዲስ አበባ ውስጥ የድሮ ፎቶ አድሳለሁ ከሚሉት አንዱ ነው። አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ሊፍቱን አትጠብቁ። ስሙን አልጽፍም። ልጆቹ ጥሩ ልጆች ናቸው፣ እንጀራቸው ነው። ደግሞ እኔ ያየሁት ችግር የነሱ ብቻ አይመስለኝም። ዘንድሮ ፎቶ አድሳለሁ የሚል ሁሉ የሚጠቀመው ያችኑ ዓይነት ፕሮግራም ነው። አንዷን ቁልፍ ተጭኖ ቡናውን መጠጣት።

ምን ይዤ እንደሄድኩ ልንገራችሁ። እማዬ ጋ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የሰው ቤት የብስኩት ቆርቆሮ ሲከፈት ክርና መርፌ ነው የሚወጣው፣ የኛው ሲከፈት ፎቶ ነው። ቆጠርኳቸው፣ 74 ናቸው። አብዛኛው ድሬዳዋ የተነሳ፣ ጥቂቱ ሐረር፣ ሦስቱ የት እንደሆነ እማዬም አታውቅም። ወንድ አያቴን አባባ ነው የምንለው፣ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር፣ ድሬ ተወልዶ ድሬ የተቀበረ ሰው። ሴት አያቴ እማማ ግን የወሎ ልጅ ናት። አግብቷት ነው እዚያ ሙቀት ውስጥ የገባችው፣ እስክትሞት ድረስ «ይሄ አገር ነው ምድጃ?» ትል ነበር፣ ግን ወሎ ለዘመድ ጥየቃ ስትሄድ ሳምንት ሳይሞላት ድሬ ናፈቀኝ ብላ ትመለሳለች።

ድሬን ለማታውቁ፣ ከተማዋ የባቡር ልጅ ናት። ሐዲዱ ከጅቡቲ ተነስቶ ሐረር እንዲገባ ነበር የታሰበው። ተራራው አላስወጣ ሲል ከሥር ሜዳው ላይ ቀረ፣ በ1895 ዓ.ም.። መጀመሪያ ስሟም «አዲስ ሐረር» ነበር። ሐዲዱ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። ስለዚህ ድሬ ለዓመታት የመስመሩ መጨረሻ ሆና ኖራለች፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ሁሉም ይወርዳል። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ የመኑ፣ ህንዱ፣ ፈረንሳዩ ወረደ። ሶማሌው፣ ኦሮሞው፣ ሐረሪው፣ አማራው ተቀበለውም፣ ነገደበትም፣ አብሮት ሠራም። የደቻቱ ወንዝ መሀሏን ይከፍላታል፣ በዚህ ማዶ የከዚራ ሰፈር ከነቀጥ ያሉ መንገዶቹ፣ በዚያ ማዶ መጋላ።

ይሄን ለማወቅ መጽሐፍ አላስፈለገኝም፣ ቆርቆሮው ውስጥ አለ። አንዱ የሠርግ ፎቶ ላይ አሥራ አንድ ሰው ተደርድሯል። አንዱ ሽርጥ አገልድሞ ከላይ ኮት ደርቧል። አንዱ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ። ሁለቱ ሴቶች የሐበሻ ቀሚስ፣ አንዷ ስስ የሶማሌ ቀሚስ ከነሻሿ። ጥግ ላይ የቆመው ልጅ ባዶ እግሩን ነው፣ ግን የእጅ ሰዓት አስሯል። ሰዓቱ የማን እንደሆነ እማዬ ታውቃለች፣ ፎቶ አንሺው ለሁሉም ልጅ የሚያውሰው ነው! ይሄን ሁሉ የሚነግረኝ ዳር ዳሩ ነው እንጂ ሙሽሮቹ አይደሉም። ሙሽራማ የትም አገር ሙሽራ ነው።

ወደ ቤቱ ልመለስ። የተቀበለኝ ልጅ የጥጥ ጓንት አጥልቆ ነው ቆርቆሮውን የከፈተው። እንደ ብዙዎቹ ስልኩን አውጥቶ ቀጭ ቀጭ አላደረገም፣ ጠፍጣፋ ስካነር ነው ያላቸው። «በ600 ዲፒአይ ነው የምንሠራው» አለኝ፣ ስካነሩ በአንድ ኢንች የሚያነበው ነጥብ ብዛት ማለት ነው። ጉርዶቹን በ1200 አድርግልኝ አልኩት፣ ሳያጉረመርም አደረገው። ለምን መሰላችሁ? ሦስት በአራት ጉርድ በ600 ሲሠራ 700 በ950 ፒክስል አካባቢ ነው የሚወጣው። ስልክ ላይ ያምራል። አሳድጌ ግድግዳ ላይ ልስቀለው ያላችሁ ቀን ግን ጉድ ይፈላል። ስካን አንዴ ነው የሚደረገው፣ ፎቶው ነገ ይብስበታል እንጂ አይሻለውም፣ ስለዚህ እዚህ ላይ አትቆጥቡ።

ስድስቱ ፎቶዎች ያ ሙጫ ያለው፣ ከላይ ፕላስቲክ የሚሸፍነው አልበም ላይ ተጣብቀው ነበር። የሁላችሁም ቤት አለ ያ አልበም። ፎቶን እንደሱ የጎዳ ነገር የለም፣ ሙጫው ይቢጫል፣ ወረቀቱን ይበላዋል። እኔ ብሆን በጥፍሬ ልጬው ነበር። ልጁ የጥርስ ክር አመጣ፣ ከፎቶው ሥር አሾልኮ እንደ መጋዝ ወዲህ ወዲያ እያደረገ፣ አንዱን ብቻ ሃያ ደቂቃ ፈጅቶበት አላቀቀው። አምስቱ ወጡ። ስድስተኛው እምቢ ሲል «ይሄ ይቀደድብሻል እህቴ፣ ከነገጹ ስካን እናድርገውና ይቆይ» አለኝ። እጁን ይባርከው።

ደግሞ አንዱ ፎቶ ጥቁር ጥቁሩ ላይ እንደ ብር ያብረቀርቅ ነበር። እኔ ሻጋታ መስሎኝ እማዬ ቤት እያለሁ በእርጥብ ጨርቅ ልወለውለው ነበር፣ መድኃኔዓለም ነው የያዘኝ። ለካ እውነትም ብር ነው። የጥቁርና ነጭ ፎቶ ምስሉ የተሠራው ከብር ነው፣ ሲያረጅ ወደ ላይ ይወጣል። ልጁ ይሄንን በትዕግሥት ነው ያስረዳኝ። አትንኩት፣ በቃ።

ዋጋ። ለአንድ ፎቶ 50 ብር፣ ጀርባውም ይሠራ ካላችሁ 30 ተጨማሪ። በ74 አባዙት። ውድ ነው፣ እኔም ብያለሁ፣ ተከራክሬ ትንሽ ቀንሰውልኛል። ጀርባውን ግን እንዳታስቀሩ፣ ወሬው ያለው እዚያ ነው። «መታሰቢያ ይሁንህ» ከሚለው ጀምሮ። አባባ አንዳንዱን በፈረንሳይኛ ነው የጻፈው፣ ምድር ባቡር ሥራው በፈረንሳይኛ ስለነበር ቤቱም ገብቶ አለቀቀውም። ከአንድ ሰው ጋር ተጣልቶ በኋላ ስሙን የሰረዘበትም አለ። በምን እንደተጣሉ እማዬን ጠይቄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰማሁ፣ የድንበር ጉዳይ ነው፣ ይለፈን።

ጀርባው ላይ ግን አንድ ስህተት ሠሩብኝ። እማማ ሕፃን ታቅፋ የተነሳችው ፎቶ አለ፣ ሕፃኗ እማዬ ናት። ጀርባው ላይ «12/3/61» ይላል። ልጁ ኮምፒውተሩ ላይ ዲሴምበር 3፣ 1961 ብሎ አስገባው። ኧረ ወንድሜ! ኅዳር 12 ቀን 1961 ነው፣ በኛ። በፈረንጁ 1968 ነው የሚሆነው። እማዬ የተወለደችው በ1960 ነው፣ በኮምፒውተሩ ሒሳብ ከሄድን እናቷ ሳትወልዳት ስድስት ዓመት ቀድማ ታቅፋታለች። ልጁ ራሱ ሲሰማ ሳቀና አስተካከለው። ነገሩ ግን ቀላል አይደለም። ሰው ፎቶውን ለኢንተርኔት ሲሰጥ እንዲህ ሰባትና ስምንት ዓመት እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው፣ ከዚያ የንጉሡ ዘመን ነው የደርግ ነው እያልን እንነታረካለን። የፋይሉ ስም ላይ «61 ዓ.ም.» ብላችሁ አጽፉ፣ ዓ.ም.ዋን ሳትረሱ።

አሁን ወደ እድሳቱ። ስካኑ አልቆ ልከፍል ስል «ከፈለግሽ አድሰን በቀለም እናደርገዋለን፣ 400 ብር ነው፣ እንደ አዲስ ነው የሚሆነው» አለኝ። ለሙከራ ሦስት ሰጠሁት።

የመጀመሪያው አባባና ጓደኞቹ ባቡሩ ፊት የቆሙበት ነው። ሰዎቹ ጥርት ብለው ወጡ። ባቡሩ ላይ የላቲን ፊደልና ቁጥር ነበር፣ ደብዘዝ ያለ ግን የሚነበብ። ፕሮግራሙ ፊደሎቹን «አጠራቸው»። አሁን ቁልጭ ብለው ይታያሉ፣ ግን ፈረንሳይኛም አይደሉም፣ እንግሊዝኛም አይደሉም፣ የየትም አገር ፊደል አይደሉም። ቁጥሩም እንደዚያው። ደብዛዛውን በማጉያ መነጽር አንብቤ የትኛው ባቡር እንደሆነ የሚያውቅ ሰው መጠየቅ እችል ነበር፣ ጥርት ያለውን ይዤ የት ልሂድ?

ሁለተኛው ሐረር የተነሳ ነው። እማማ አንዲት ሐረሪ ወዳጅ ነበረቻት፣ ጁገል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ሐረር ውስጥ፣ ቤታቸው ሄዳ ነው አብረው የተነሱት። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም ሐረሪ ቤት የገባ ሰው ቀለሙን ያውቀዋል። ነደባ የሚሉት ደረጃ ደረጃው መደብና ወለሉ ቀይ ነው የሚቀባው፣ በ1879 ዓ.ም. በጨለንቆ ጦርነት የፈሰሰው ደም መታሰቢያ ነው ይባላል። ግድግዳው ላይ የተደረደረው ስፌት ደግሞ ቀለሙ ዓይን ይወጋል። ፕሮግራሙ ወለሉን ፈዛዛ ቡና ዓይነት አደረገው፣ የቀበሌ ጽሕፈት ቤት ነው የመሰለው። ስፌቶቹን አፈር አለበሳቸው። ይሄ ይሁን። የሴትዮዋን ፀጉር ስታዩ ግን ታለቅሳላችሁ ወይ ትስቃላችሁ። ያገባች ሐረሪት በወጉ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ በግራና ቀኝ ሁለት ቦታ ጠቅልላ ጉፍታ በሚሉት የፀጉር መሸፈኛ ትሸፍነዋለች። ፕሮግራሙ ሁለት ድቡልቡል ነገር ጆሮ አጠገብ ሲያይ ምን ብሎ ተረጎመው? የጆሮ ማዳመጫ! ወዳጃችን ጁገል ቁጭ ብላ ሙዚቃ የምትሰማ ዲጄ ሆና ወጣች። በቴሌግራም ለልጅ ልጇ ላኩላት፣ «አቦ አያቴን ምን አደረጋችኋት» ብላ በድምፅ መለሰችልኝ፣ ሳቋ ነው የበዛው።

ሦስተኛው ላይ ግን አልሳቅኩም።

እማማ ብቻዋን ስቱዲዮ የተነሳችው ናት። ከኋላዋ ሐይቅና ዘንባባ የተሳለበት መጋረጃ አለ፣ ጎኗ ትንሽ ጠረጴዛ ላይ የፕላስቲክ አበባ። መጋረጃው ስላጠረ በግራ በኩል ግድግዳውና የአንድ ሰው ጫማ ይታያል፣ ረዳቱ መሆን አለበት፣ መጋረጃውን የያዘው። ከታች ጥግ ላይ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወረቀቱ ላይ ተረግጧል። የመለሱልኝ ፎቶ ላይ ጫማው የለም። ማኅተሙም የለም፣ «ዳሩ ስለማያምር ቆርጠነዋል»። ድሬ የተነሳ መሆኑን የሚናገረው ብቸኛው ነገር ያ ማኅተም ነበር።

እሱን ዋጥኩት። ቤት ይዤ ሄጄ ለእማዬ በስልኬ አሳየኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችው፣ አራቀችው፣ አቀረበችው።

«ይቺ ማናት?»

«እማማ ናት እኮ፣ ታድሳ።»

«እናቴን አላውቃትም እንዴ? ንቅሳቷስ?»

ዋናውን አውጥተን አስተያየን። እማማ አንገቷ ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት ነበራት፣ በመካከላቸው ነጠብጣብ፣ ግንባሯ ላይ ደግሞ ትንሽ መስቀል። ልጅ ሆና ወሎ እያለች ነው የተነቀሰችው። ድሬ ስትገባ የሰፈሩ ሴቶች ስሟን ሳይለምዱ በፊት በአንገቷ ነበር የሚጠሯት፣ ባለ ንቅሳቷ እያሉ። ፕሮግራሙ መስመሮቹን ሲያይ የፎቶ ጭረት መሰሉት፣ ጠረጋቸው። መስቀሏን እንደ ቆሻሻ አነሳት። ቆዳዋን ደግሞ አስተካክሎ፣ ትንሽ አቅልቶ፣ ከንፈሯን ሞላ አድርጎ አንዲት ቆንጆ ሴት ሰጠን። የማናውቃት ቆንጆ። የየትም አገር ሰው ልትሆን የምትችል፣ የወሎም የድሬም ያልሆነች።

«ድሮም እኮ ፎቶ ቤት ያሳምር ነበር» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። በሾለ እርሳስ ነጋቲቩን እየነካኩ ማዲያቱን ያጠፉ ነበር፣ ጉንጭ ላይ በብሩሽ ቀለም ጣል ያደርጉ ነበር። የቤተ መንግሥቱ ፎቶ አንሺዎች፣ አርመናዊው በድሮስ ቦያጂያንና ከሱ በኋላ ልጆቹ፣ ንጉሥና መኳንንትን ሲያነሱ መብራቱንም አቋቋሙንም ያሳመሩት ዝም ብሎ አይደለም። ግን ያ በእርሳስ የሚነካካው ሰው ሴትዮዋን በዓይኑ አይቷታል። ማዲያትና ንቅሳት ይለያል። ያቺን ቁልፍ የሚጫነው ልጅ እማማን አያውቃትም፣ ፕሮግራሙ ደግሞ ባለ ንቅሳት አንገት ድሬ ላይ ምን ማለት እንደሆነ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ይሄን ሳስብ ሐረር ያየሁት ነገር ትዝ አለኝ። ፈረንሳዊው ባለቅኔ አርተር ራምቦ ሐረር ነጋዴ ሆኖ ሲኖር፣ እ.ኤ.አ. በ1883 ካሜራ ከፈረንሳይ አስመጥቶ ራሱን አንስቷል፣ አንዱን እጁን አጣምሮ የሙዝ ተክል መሀል፣ አንዱን ሰገነት ላይ ቆሞ። ፎቶዎቹን ለቤተሰቡ ሲልክ «የነጡት የማጥብበት ውሃ መጥፎ ስለሆነ ነው» ዓይነት ነገር ጽፎላቸዋል። አስቡት እስቲ። ያ ንጣት የሐረር ውሃ ነው! ከፊቱ ይልቅ ሐረር መሆኑን የሚመሰክረው እሱ ነው። ዛሬ አድሱልኝ ብሎ ቢሰጥ መጀመሪያ የሚጠረገው እሱ ነበር። ጁገል ውስጥ በስሙ የሚጠራውን ቤት ካላያችሁ እዩት። ቤቱ እሱ ከሞተ በኋላ የተሠራ የነጋዴ ቤት ነው፣ ራምቦ ኖሮበታል ብሎ ለሚነግራችሁ አስጎብኚ ፈገግ በሉለትና እለፉ። ውስጡ የተሰቀሉት የድሮ ሐረር ፎቶዎች ግን ግማሽ ቀን ያስቆማሉ። ቀለም የቀባቸው የለም። እኔ የበሮቹን ፎቶ እያየሁ፣ ከዚያ ወጥቼ ያንኑ በር በእግሬ ሄጄ እያየሁ፣ ተመልሼ ደግሞ ፎቶውን እያየሁ ነው የዋልኩት።

ለማንኛውም በማግስቱ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። ልጁን ልጮህበት ነበር፣ ባለቤቱ ጋሼ ቀድመው መጡ። ዋናውንና የታደሰውን ጎን ለጎን አስቀመጥኩላቸው። ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ «የኔም እናት ነበራት» አሉ፣ አንገታቸውን በጣታቸው እየነኩ። ሌላ ነገር አላሉም። ልጁን ጠርተው ፕሮግራሙን ተወው፣ ስንጥቁን ብቻ በእጅህ ሙላው፣ ሌላ ነገር እንዳትነካ አሉት። ዘጠኝ ቀን ፈጀ። ገንዘብ አልተቀበሉኝም። ማኅተሙ አለ፣ ጫማው አለ፣ ሦስቱም መስመር ከነነጠብጣቡ አለ። የእድሳቱን አንድ ነጥብ የሰጠሁት ለዚህች ነው።

ሄዳችሁ ካሠራችሁ፣ ያልታደሰውን ስካን ለብቻው ተቀበሉ። የታደሰ ብቻ ሰጥተው ሊሸኟችሁ ይችላሉ፣ እኔን ሞክረውኛል። ስትቀበሉም በፍላሽ ይሁን። በቴሌግራም ከሆነ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይላኩላችሁ፣ እንደ ፎቶ ከተላከ ቴሌግራም ያሳንሰዋል፣ የከፈላችሁበት 1200 ዲፒአይ መንገድ ላይ ይቀራል። ዋናውን ፎቶ አትጣሉ፣ ላሚኔትም አታስደርጉ። ጀርባው ላይ የምትጽፉ ከሆነ ለስላሳ እርሳስ እንጂ እስክሪብቶ አይሁን። እና ከመሄዳችሁ በፊት ከቤት ትልቅ ሰው ጋር ቁጭ በሉ፣ ማን ማን እንደሆነ፣ ቀሚሱ ምን ቀለም እንደነበር ጠይቁ። እማዬ የአንዷን ቀሚስ «አረንጓዴ ነበር፣ ከአረብ ሱቅ በዱቤ የተገዛ» ብላ ነው የነገረችኝ። ዱቤው ተከፍሎ አላለቀም መሰለኝ፣ ድምጿ ዝቅ ብሎ ነው የነገረችኝ።

አክስቴ ጋ ሌላ ቆርቆሮ እንዳለ ሰምቻለሁ፣ የከረሜላ። ከፋሲካ በኋላ እወስድላቸዋለሁ፣ እዚያው ቤት። «ንቅሳት አለ፣ እንዳይነካ» ብዬ በወረቀት ጽፌ ክዳኑ ላይ ልለጥፍበት ነው።